“ባሕሩ የታለ?” የታሪክ ጥያቄን ከበረንዳ ተነስቶ እስከ መልሱ የመከተያ መመሪያ

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከበረንዳችን ቆሞ ላየ ሰው፣ ከፎቆቹ ጀርባ ያለው ተራራ ባሕር ዛፍ ለብሷል። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ የስምንት ዓመት ልጄ አጠገቤ ቆማ፣ “አባዬ፣ ባሕር ዛፍ ከሆነ ባሕሩ የታለ?” አለችኝ። “ስሙ ነው እንግዲህ” ብዬ አለፍኳት። ማታ ግን ጥያቄው አልለቅ አለኝ። እውነቷን ነው። እዚህ አካባቢ ባሕር የለም። ዛፉ ግን በየጓሮው፣ በየአጥሩ፣ በየጣውላው አለ። ስሙን ያወጣለት ሰው አንድ ነገር አስቦ መሆን አለበት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን የጥያቄ ደብተር አለው። ቀስ በቀስ ጎረቤቶችም ገቡበት። አሁን ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል። ኅዳር 12 ለምን ቆሻሻ ይቃጠላል? ካዛንቺስ የማን ቋንቋ ነው? አክሱም ሲሠራ ላሊበላ ነበር ወይ? ታሪክ ለማወቅ ከትልቅ ነገር መጀመር እንደማያስፈልግ እዚህ ደብተር ላይ ነው የገባኝ። ጥያቄው በቀን፣ በቦታና በምስክር እስኪያዝ ድረስ ካነሰ፣ ማንም ሰው ከሰፈሩ ሳይርቅ ሊከተለው ይችላል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። እኛ የምንከተለውን መንገድ እንዲህ በደረጃ ጻፍኩላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

አንድ ደብተር፣ እርሳስ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ 20 ሜትር ገመድና ጥቂት የልብስ መቆንጠጫ። ገመዱ ለምን እንደሆነ በኋላ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በተጠየቀበት ቃል ጻፉት

የልጅን ጥያቄ “አታሳምሩት”። እኔ መጀመሪያ “የባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ አመጣጥ” ብዬ ጽፌ ነበር። ልጄ አነበበችና “እኔ እንደዚህ አላልኩም” አለች። ልክ ነበረች፤ የኔ አርእስት ባሕሩን ጥሎታል። ዋናው ቁልፍ ደግሞ ባሕሩ ነበር። ስለዚህ ገጹ አናት ላይ “ባሕሩ የታለ?” ብለን ጻፍን። ከሥሩ ማን እንደጠየቀና መቼ እንደጠየቀ።

ደረጃ 2፦ አሳንሱት

“አዲስ አበባ እንዴት ተመሠረተች?” ብላችሁ ከጀመራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ትደክማላችሁ። ጥያቄውን እንደ ሽንኩርት ክተፉት። ዛፉ ከየት መጣ? መቼ? በማን ዘመን? ምን ቸግሮ? ስሙስ ለምን እንደዚያ ሆነ? እያንዳንዱን ለየብቻው ጻፉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመለስም፤ አንዱ ሲመለስ ግን ሌላውን ይጎትተዋል።

ደረጃ 3፦ ዘመኑን ያዙ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አብዛኛው የታሪክ ክርክር የሚነሳው ከዘመን አቆጣጠር ነው።

ያገኛችሁት ጽሑፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ወደ እኛው ቀይሩት። ቀኑ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ውስጥ ከሆነ 7 ቀንሱ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ከሆነ 8 ቀንሱ። በዚህ ብቻ ስንት ነገር ይጠራል መሰላችሁ። ሉሲ የተገኘችው ኖቬምበር 24፣ 1974 ነው ይላል መጽሐፉ። ብዙዎቻችን ይህን ቀን ከራሳችን ታሪክ ጋር አናያይዘውም። ስትቀይሩት ኅዳር 15፣ 1967 ይሆናል። ስልሳ የሚሆኑት የጃንሆይ ዘመን ባለሥልጣናትና መኮንኖች የተገደሉት ኅዳር 14፣ 1967 ማታ ነው። ያ ሁሉ ሰው አዲስ አበባ ላይ በተገደለ ማግሥት፣ አፋር ምድር ላይ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ አጽም ተገኘች። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን የጻፍን ዕለት፣ ቡናው ቀዝቅዞ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ቆየን።

አንድ ወጥመድ አለ። የአድዋን በዓል የካቲት 23 ስናከብር በፈረንጅ ማርች 2 ነው። መጻሕፍቱ ግን ጦርነቱ ማርች 1፣ 1896 ነበር ይላሉ። ልጆች ይህን አይተው አንዱ ተሳስቷል ይላሉ። ማንም አልተሳሳተም። በፈረንጆች ደንብ በ100 የሚካፈል ዓመት በ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29 የለውም። ስለዚህ በ1900 እነሱ ያቺን ቀን ዘለሏት። እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጉን ሳናቋርጥ ቀጠልን። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። ከ1900 በፊት ያለ ቀን ስትቀይሩ ይህችን ቀን አስታውሱ።

ሌላው መሣሪያ የወንጌላውያን ዘመን ነው። አረጋውያን ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረቱን አያስታውሱም፤ “በዘመነ ሉቃስ ነው” ይላሉ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉት። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሉቃስ ካለ ከአራት ዓመት አንዷን ነገራችሁ ማለት ነው።

ቀኑም እንደዚያው በታቦት ይያዛል። “የሚካኤል ዕለት” ካሉ 12፣ ገብርኤል ካሉ 19፣ ማርያም ካሉ 21፣ ጊዮርጊስ ካሉ 23፣ ተክለ ሃይማኖት ካሉ 24፣ መድኃኔ ዓለም ካሉ 27 ነው። አድዋ በጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ያልሰማ የለም፤ 23ን ከዚያው ማግኘት ይቻላል።

ደረጃ 4፦ ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ ግን አጠያየቅ አለው

ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። እድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ከመሐል ከተማ ወደዚህ የመጡት ኮንዶሚኒየሙ ሲደርሳቸው ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ደብተሬን ገልጬ፣ “እማማ፣ የከተማ ቤት የተወረሰው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?” አልኳቸው። “እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ የተማረ ጠይቅ” አሉኝና ዝም አሉ። ጥያቄዬ ፈተና መስሎ ታይቷቸዋል።

በሳምንቱ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ቡና እየተቆላ፣ “እማማ፣ ያኔ የትኛው ቤት ነበሩ? ደጃፉ ወደ የት ነበር የሚያየው?” አልኳቸው። ቤቱን ነገሩኝ። ጓዳውን፣ በአጥሩ በኩል ያለችውን የኮክ ዛፍ፣ ተከራዮቹን። ከዚያ በራሳቸው ጊዜ፣ “በሉቃስ ነው፣ ክረምቱ ገብቶ፣ ዝናቡ እየወረደ። ሬዲዮው አወጀ” አሉ። ቤት ስመለስ አየሁት። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 19፣ 1967 ነው። 1967ን ለ4 ሲያካፍሉት 3 ይተርፋል። ሉቃስ። ዝናቡም ሉቃሱም ልክ ነበሩ።

ከዚያ የተማርኳቸውን እነሆ፦

ስለ ዓመት አትጠይቁ፤ ስለ ቤት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ዋጋ ጠይቁ። “ያኔ እንጀራ በምን ይጋገር ነበር?” የሚለው ጥያቄ ስንት በር እንደሚከፍት ብታዩ። ከዚያ ነገሩን ሁሉም ከሚያውቀው ክስተት ጋር አያይዙት። ከጣሊያን በፊት ነው በኋላ? ከታኅሣሡ ግርግር በፊት? ጃንሆይ ሳይወርዱ? የሶማሌ ጦርነት ጊዜ? ኢሕአዴግ ሳይገባ? ለእነዚህ ማሰሪያዎች ዓመቶቹን የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፏቸው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27፣ 1928፤ የካቲት 12 ጭፍጨፋ 1929፤ ንጉሡ የተመለሱት በዚያችው ሚያዝያ 27 ቀን፣ 1933፤ የታኅሣሡ ግርግር 1953፤ አብዮቱ 1966፤ የሶማሌ ጦርነት 1969 እና 70፤ ድርቁ 1977፤ ግንቦት 20፣ 1983።

ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። አንዳንድ ነገር “ይህን አትጻፍ” ይባላል፤ አትጻፉት። በተለይ የቀይ ሽብር ነገር ሲነሳ እንባ የሚመጣበት ቤት ብዙ ነው። ያኔ እርሳሱን አስቀምጡና ቡናውን ጠጡ።

የምትሰሙትን ሁለት ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ። ሰውዬው በዓይኑ ያየው አንድ ነው፤ በስማ በለው የደረሰው ሌላ ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ግን አንድ መስመር ላይ አይቀመጡም።

ስለ ባሕር ዛፉም የጠየቅኳቸው እማማን ነው። እናታቸው እንጦጦ ወጥተው የደረቀ ቅጠል እየለቀሙ በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዱ እንደነበር ነገሩኝ። ምጣድ የሚሰማው በቅጠል ነው፤ ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎ ይጠፋል። “ጭሱ ዓይን ያቃጥላል እንጂ እንጀራው ዓይኑ ያምራል” አሉ። ይህን የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም ነበር።

ደረጃ 5፦ ስሙን መርምሩ

ስም ትንሽ መዝገብ ነው። ባሕር ዛፍ ማለት የባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። ይህን ያጸናልኝ ደግሞ ኦሮምኛ ነው። ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ ያሉት ገበሬዎች ዛፉን ባርጋሞ ይሉታል። ባር ባሕር፣ ጋማ ማዶ። በሁለት ቋንቋ አንድ ምስክርነት! ልጄ ይህን ስትሰማ፣ “ባሕሩ ማዶ ነው ማለት ነው” ብላ ሮጣ ደብተሩን አመጣች።

በከተማው ዳርቻ የምትኖሩ ከሆነ ኦሮምኛ የሚናገር ጎረቤት ሳትጠይቁ የቦታ ስም አትተርጉሙ። ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ ነው። በለገጣፎና በለገዳዲ ውስጥ ያለው “ለገ” ወንዝ ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ግን እኔ ራሴ ስህተት ሠራሁ። ቡና ላይ፣ “ለገሃርም እንግዲህ የወንዝ ስም ነው” ብዬ ለሰው አስረዳሁ። በባቡር ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ጋሼ ረጋ ብለው አረሙኝ። ለገሃር የፈረንሳይኛ ነው። “ላ ጋር” ማለት ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ከጅቡቲ የመጣውን መስመር የዘረጉትና ያስተዳድሩ የነበሩት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ካዛንቺስም እንደዚሁ ነው። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ ስሙ ሲያጥር ኢንቺስ። ካዛ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች፤ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው። ስም ስለተመሳሰለ ብቻ አትፍረዱ። ቦታው መቼ ያን ስም እንዳገኘና ያኔ ማን እንደነበረበት አብራችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ወረቀት ፈልጉ

መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ። የፎቶ ጀርባ፣ የድሮ የቤት ደብተር፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የእድር መዝገብ። የእድር መዝገብ ማንም የማያስታውሰው ሀብት ነው። ማን መቼ እንደሞተ፣ መዋጮው ስንት እንደነበር ይነግራል። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ያሉ የመቃብር ድንጋዮችም እንደዚሁ።

ከዚያ ወደ ከተማ ውረዱ። ከእኛ ሰፈር እስከ መገናኛ፣ ከዚያ ወደ አራትና ስድስት ኪሎ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሁላችንም ወመዘክር የምንለው፣ የድሮ ጋዜጣ ለመፈለግ የመጀመሪያው ቦታ ነው። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በ1933፣ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ነው። ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር ካላችሁ ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙ አሉ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለመቀመጥም ለማንበብም ይመቻል።

ወሩን ሳታጠቡ አትሂዱ። “የ1967 ጋዜጣ ስጡኝ” ማለት ቀኑን ሙሉ ገጽ መግለጥ ነው። “ሐምሌ 1967” ስትሉ ግን አንድ ጥራዝ ላይ ትጨርሳላችሁ። ደረጃ 3ን እና 4ን መጀመሪያ የሠራነው ለዚህ ነው። መታወቂያ ያዙ፤ ለማስታወሻ እርሳስ ይሻላል፤ መቼ ክፍት እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ።

የባሕር ዛፉን ነገር ከወረቀት ያገኘሁት እንዲህ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ከተመሠረተች በኋላ ሕዝቡ በፍጥነት በዛ። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በዙሪያው ያለው እንጨት ተመነጠረ። ችግሩ እየከበደ ሲመጣ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም፣ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ግን በ1887 ገደማ ገብቶ ነበርና፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚቆረጥ እንጨት ሆነ። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ያበቅላል። ከተማዋ እዚያው ቀረች። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እውነት ለመናገር ይህን ሳነብ ተራራውን በሌላ ዓይን አየሁት። አዲስ አበባ እዚህ የቆየችበት አንዱ ምክንያት በየቀኑ ከበረንዳዬ የማየው ዛፍ ነው።

ደረጃ 7፦ ፎቶውን አትመኑ፣ አንብቡት

ቴሌግራም ላይ “አዲስ አበባ በአድዋ ዘመን” የሚል ፎቶ ይዞራል። መግለጫውን ትታችሁ ፎቶውን ራሱን ጠይቁት። ረጃጅም ባሕር ዛፍ ይታያል? እንግዲያውስ የ1888 ሊሆን አይችልም፤ ዛፉ ገና ችግኝ ነበር። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የምኒልክ ሐውልት አለ? ሐውልቱ የተመረቀው በ1923፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ዋዜማ ነው። ፎቶው ከዚያ በፊት የተነሳ አይደለም ማለት ነው። በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች ሐውልቱን አንስተውት ነበር፤ ንጉሡ ሲመለሱ ተመለሰ። የአፍሪካ አዳራሽ ከታየ ከ1953 ወዲህ ነው። በጉግል ሌንስ ፎቶውን ፈልጉና መጀመሪያ የወጣበትን ቦታ ለማግኘት ሞክሩ። ቀለም የተቀባ ወይም በኮምፒውተር የተሠራ ፎቶ አሁን በዝቷል፤ እጅና ጽሑፍን አስተውሉ።

ደረጃ 8፦ ሄዳችሁ እዩት

ዳርቻ መኖር እዚህ ላይ ጥቅሙ ትልቅ ነው። የካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን። መንገዱ በባሕር ዛፍ መካከል ነው፤ በክረምት ያዳልጣል፣ በበጋ ሂዱ። እዚያ ስትደርሱ ሁለት መልስ ይጠብቃችኋል። የአካባቢው ትውፊት ሥራውን ወደ አክሱም ነገሥታት ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስደዋል። አጥኚዎች ደግሞ ብዙ ቆይቶ፣ ወደ መካከለኛው ዘመን ያመጡታል። ሁለቱንም ጻፉ። ማን ምን እንዳለና በምን ምክንያት እንዳለ ከሥር አስፍሩ። ልጆች ፊት “ይህኛው ቅዱስ፣ ያኛው ውሸት” አትበሉ። ድንጋዩን ይዳስሱት፤ የመጥረቢያውን ዱካ ይፈልጉት።

እንጦጦ ማርያም ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑበት ቦታ ነው፣ ጥቅምት 1882። አንድ ሙሉ ቀን ካላችሁ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱና መልካ ቁንጡሬን እዩ። የሰው ዘር ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እዚያ በአዋሽ ዳር ድንጋይ እየጠረበ ኖሯል። አጠገቡ ባለችው ባልጪት የሚገኘው ጥቁር እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ለስለቱ ተመራጭ ነበር። ቦታው በ2016 ከዓለም ቅርሶች ተርታ ገብቷል። መሬት ላይ የምታዩትን ድንጋይ አታንሱ። ከቦታው የወጣ ድንጋይ ከየት ንብርብር እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ታሪኩን አብሮት ያጣል።

ደረጃ 9፦ ገመዱን ዘርጉ

ልጆች ሁሉንም “ድሮ” ነው የሚሉት። ንግሥት ሳባም ድሮ፣ ቴዎድሮስም ድሮ፣ እማማም ድሮ። ገመዱ ለዚህ ነው።

በግቢው ውስጥ ዘርጉት። 1 ሜትር 100 ዓመት ይሁን። አንዱ ጫፍ ዛሬ ነው። አድዋ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ላይ መቆንጠጫ ይደረግበታል። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩበት 4 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ላሊበላ 8 ሜትር ላይ። የአክሱሙ ኢዛና 17 ሜትር ላይ። ልጆቹ በላሊበላና በኢዛና መካከል ያለውን ባዶ ገመድ ሲያዩ ዝም አሉ፤ 9 ሜትር ነው! እስከዚያ ድረስ አክሱምና ላሊበላ አንድ ዘመን ይመስሏቸው ነበር። የግብፅ ትልቁ ፒራሚድ 45 ሜትር ላይ ነው፤ ገመዱ አልቆ ወደ ጥበቃው ቤት ደረስን። መልካ ቁንጡሬ ግን 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሉሲ 32 ኪሎ ሜትር።

ከዚያ ጎን ለጎን ጥያቄ አምጡ። “ያኔ ሌላው ዓለም ምን ላይ ነበር?” ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት ሚያዝያ 6፣ 1860 ነው። በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ በ1868፣ ጃፓን ሜይጂ የሚባለውን፣ ወደ ዘመናዊነት የወሰዳትን ለውጥ ጀመረች። አድዋ ማርች 1 ቀን ሆነ፤ ኤፕሪል 6 ላይ አቴንስ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኦሎምፒክ ከፈተች። አምስት ሳምንት ብቻ።

የኅዳር 12 ጥያቄም መልሱን ያገኘው በዚህ ነው። በየዓመቱ ሰፈራችን በጭስ ይታጠናል፤ ሕዝቡ ኅዳር ሲታጠን ይለዋል። ልጆቹ በዓሉ የሚካኤል ስለሆነ ብቻ መስሏቸው ነበር። አረጋውያን ግን “የኅዳር በሽታ” ይላሉ። በኅዳር 1911 አዲስ አበባ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የፈጀው ወረርሽኝ ነው፤ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ቀኑን ስትቀይሩት ኖቬምበር 1918 ይመጣል። ዓለም ሁሉ የስፔን ጉንፋን የሚለው ያ ነው። ስፔን ስሙን ያገኘችው በሽታው ከእሷ ስለተነሳ አይደለም። በጦርነቱ ገለልተኛ ስለነበረች ጋዜጦቿ በነጻነት ጻፉ፤ ተዋጊዎቹ አገሮች ወሬውን አፈኑት። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተኩስ የቆመውም በዚያው ወር ነው፣ ኅዳር 2። በእኛ ደጅ የሚነደው ጭስ ከዓለም ሁሉ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው።

ደረጃ 10፦ በአንድ ገጽ ጻፉት፣ ግማሹን ባዶ ተዉት

አናት ላይ ጥያቄው፣ በጠያቂው ቃል። ከሥሩ መልሱ፣ ከአምስት ዓረፍተ ነገር ባልበለጠ። ከዚያ ምስክሩ፦ ማን ነገረን፣ የት አነበብን፣ ምን አየን። ከዚያ የሚቃረን ካለ። የገጹን ግማሽ ባዶ ተዉት። ቡና ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡና ሰው ይረማችሁ። የኔን የለገሃር ስህተት ያረሙት ጋሼ በራሳቸው እጅ ነው የጻፉበት፤ አሁንም አለ።

የልጄ ገጽ ላይ፣ “ባሕሩ የታለ?” ከሚለው ሥር፣ በትልልቅ ፊደል፣ “ባሕሩ ማዶ ነው። ዛፉ ከዚያ መጣ። አዲስ አበባ እንጨት ቸግሯት ነበር” ይላል። ባዶው ቦታ ላይ እማማ ባለፈው እሁድ አንድ ነገር አስጨመሩ። አያታቸው፣ “ተራራው ድሮ ጽድ ነበር” ይሉ እንደነበር። ልጄ ወዲያው አዲስ ገጽ ገለጠች። “ከባሕር ዛፍ በፊት ተራራው ላይ ማን ነበር?” ብላ ጻፈች፤ “ምን” በማለት ፈንታ “ማን”። አላረምኳትም። ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ግቢ ልንሄድ ነው፣ የቆዩ ጽዶችና ወይራዎች ካሉ ልናይ። ሜትርና እርሳስ ይዘናል፤ የግንዳቸውን ዙሪያ እንለካለን።